የሕያው ሰው ጓጉንቸር

«ካርታ መጣች» አለ አንዱ ከመሰላሉ ላይ። ከታች ያሉት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መፍቻቸውን አነሡ።

ይህን ስም ያወጡላት ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው። የተጠቀለለ ፕላን በብብቷ ይዛ ስለምትዞር ብቻ አልነበረም፤ «ተወልዳ ባደገችበት ግቢ መንገድ ሲጠፋባት ወረቀቷን ታያለች እንጂ ሰው አትጠይቅም» ብለው ነው። ሐሜቱ ሐሰት አልነበረም። ሰው ብትጠይቅ የሚመልስላት አለመኖሩን ግን ሐሜተኞቹ አይጨምሩበትም።

ባሕሩ ዳር የቆመው የኃይል ማመንጫ ከተማውን ሲያበራ ኖሮ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። አሁን አንድ ኩባንያ ገዝቶታል። የተርባይኑ አዳራሽ ገበያና የሥዕል ማሳያ፣ የከሰሉ ሜዳ የአትክልት ስፍራ፣ የውሃው ዳርቻ ደግሞ ሰው የሚንሸራሸርበት መንገድ ሊሆን ነው። ጭስ ማውጫው አይፈርስም፤ ከላይ እስከ ታች አምፖል ይንጠለጠልበታል። «ዕድሜ ልኩን መብራት ሲሰጥ የኖረውን አሁን መብራት ሊያሳዩት ነው» ይላል ጋሽ ቀዩ፣ የአፍራሾቹ አለቃ። አፍራሾቹም ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም። ማመንጫውን ሲያንቀሳቅሱ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን ብሎን ስለሚያውቁት ኩባንያው መልሶ ቀጠራቸው፤ ያሳደጉትን በሬ እንዲያርዱ ማለት ነው።

እሷ ፕላን ማውጣቱንና ማሠራቱን የተማረችው ሩቅ አገር ነው። እንዲህ ያሉ ያረጁ ማመንጫዎች የታደሱባቸውን ከተሞች ዞራ አይታለች። ያየችው ሁሉ ያምር ነበር፤ መስተዋቱ፣ ሣሩ፣ ውሃው ዳር ተቀምጠው መጽሐፍ የሚያነቡት ሰዎች። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ይህ ጥያቄ የመጣባት ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ከመጣም በኋላ እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ተቀመጠ። አውልቃ አትጥለው፣ ረግጣው አትሄድ።

የዚያን ጠዋት ማብሪያ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ነገር ተነቅሎ አልቆ ነበር። የቀረው የሁለት ቁጥር ማሽን ማጥፊያ ብቻ ነው። የሰው ቁመት የሚያህል አመድማ የብረት ሣጥን፤ እጀታው ወደ ታች ወርዷል፤ በእጀታው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ቀይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቀለሙ ተልጦ ዝገት ጀምሮታል። ሆዱ ላይ በምስማር ተጭሮ የተጻፈው የአባቷ ስም ነው።

«ጋሽ ቀዩ፣ ዛሬም አልተነካም?» አለች።

«ጓጉንቸር አለበት።»

«ጓጉንቸር እንዳለበትማ አውቃለሁ።»

«ብታውቂማ ባልጠየቅሽ።»

ከመሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ ሳል ብጤ አሰማ። ሳል አልነበረም።

ከሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ተከፍቶ ነው ወደ ውሃው የሚያስወጣው ትልቁ በር የሚሠራው። ሣጥኑ ካልተነሣ ግድግዳው አይከፈትም፤ ግድግዳው ካልተከፈተ በውጭ የቆመው ክሬን አንገቱን ቀና አድርጎ ባሕር ከማየት በቀር ሥራ የለውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሕጉንም እንዲሁ። ማሽን ሊጠግን የሚገባ ሰው መጀመሪያ ማሽኑን ያጠፋል፤ ማጥፊያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ብዙ ሰው ከገባ ብዙ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ሰው ወጥቶ የራሱን እስኪያነሣ ድረስ ማሽኑ አይነሣም። የሰውን ጓጉንቸር ሌላ ሰው አይነካም። አለቃ ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን፣ ቢቸኩል፣ ቢቆጣ። ከጓጉንቸሩ ወዲያ ያለው የሰው ነፍስ ነውና።

«ማሽኑ እኮ ከሞተ ቆይቷል» አለች። «ገመዱ በሁለቱም ወገን ተቆርጧል። ቢከፈት ማን ይጎዳል?»

«የማሽኑን ሞት ተዪውና የሰውየውን ንገሪኝ። ሰውየው ሞቷል?»

«የቱ ሰውዬ?»

«አባትሽ።»

«ትናንት ሲሳደብ ሰምቼዋለሁ» አለ ከመሰላሉ ላይ ያለው። «ለሞተ ሰው ድምፁ ጥሩ ነው።»

አሁን በግልጽ ሳቁ። ጋሽ ቀዩ ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደ ስሙ ቀይ ነው፤ ሲቆጣ ይብስበታል።

«ስሚ» አላት። «እኛ ዘንድ ጓጉንቸር የሚቆረጠው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ጓደኞቹ ሄልሜታቸውን አውልቀው ይቆርጡታል። የዚያን ቀን ሥራ የለም፤ እንቀመጥለታለን። በማግስቱ ሥራው ይቀጥላል። የሕያው ሰው ጓጉንቸር ግን ተቆርጦ አያውቅም።»

«ቢቆረጥስ?»

«የቆረጠው ሰው እዚህ ግቢ ከዚያ በኋላ አያዝም። ማንም ይሁን ማን። በእሱ ቃል ብሎን የሚፈታ እጅ አይገኝም። ማስፈራሪያ እንዳይመስልሽ። ማስፈራራት ስፈልግ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።»

ወረቀቷን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛውራ ወጣች።

የሠራተኞቹ ሠፈር ከጭስ ማውጫው ጀርባ ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለት ክፍል፣ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ጥቁር የቆርቆሮ በር። ከመጣች ወዲህ የተከራየችው ቤት ከተማው መሀል ነው፤ አባቷ ቤት እንግዳ ሆና ትሄዳለች፤ እንደ እንግዳም ትስተናገዳለች፤ ያውም እንደማይወደድ እንግዳ። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። በሩ አጠገብ ባለው መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ከጠዋት እስከ ማታ ትረግጣለች። አባታቸውን የምታበላው፣ የምታስታምመውና ስድቡን የምትጠጣው እሷ ናት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እታለም።»

«አለቃችን መጥታለች» አለች እህትየው ወደ ውስጥ፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ። «ደህና ልብስ ልበስ፣ አባዬ።»

አባቷ ጠረጴዛው ላይ የጎረቤት ማራገቢያ በትኖ እየጠገነ ነበር። ቀና አላለም።

«ጓጉንቸርህን ብታነሣልኝ ብዬ ነው የመጣሁት፣ አባዬ» አለች።

«ሥራው አላለቀም።»

«የቱ ሥራ?»

«የሁለት ቁጥር ጥገና።»

እሷም ታሪኩን ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ ባይሆንም በስልክ፣ በቁርጥራጭ ሰምታዋለች። በመጨረሻው ቀን የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ የብረቱ ደረጃ ላይ ቆሞ «ሁለት ቁጥር ለጥገና ይቆማል፤ ቆልፉና ጠብቁ፤ እንጠራችኋለን» አላቸው። ሁሉም ጓጉንቸሩን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የጠራቸው የለም። ያንን ማጥፊያ እንደ ወይን ዘለላ የሸፈኑት ጓጉንቸሮች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ባለቤቶቹ ተስፋ እየቆረጡ፣ ሌላ ሥራ እየያዙ፣ በገዛ እጃቸው ቁልፉን አዞሩ። የቀረው የአባቷ ነው።

«ጥገና የሚባል ነገር እንደሌለ እኮ ታውቃለህ።»

«እኔ የማውቀውን አልጠየቅሁሽም። ‹እንጠራችኋለን› ያለን ሰው ይምጣና ‹አልቋል፤ አትመለሱም› ይበለኝ። ያኔ በገዛ እጄ አነሣለታለሁ።»

«ሰውዬው የት እንዳለ ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያው አንቺ በይኝ።» አሁን ቀና አለ። ዓይኑ እንደ ድሮው ነው፤ ከሰው ፊት ላይ ብልሽት የሚፈልግ ዓይን። «አንቺ አይደለሽ የቦታው አለቃ? በማን ወንበር ነው የተቀመጥሽው? በይኝ። አጭር ነገር ናት።»

አፏን ከፈተች። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ትእዛዝ ግን ያዛት። የድሮዎቹ ሠራተኞች ክስ አላቸው፤ «ለጥገና ብላችሁ አታላችሁ አባረራችሁን» የሚል። ኩባንያው ማመንጫውን ሲገዛ ክሱንም አብሮ ገዝቷል። ስለዚህ ከኩባንያው ሰው አንድም ‹አልቋል› የምትል ቃል እንዳትወጣ ተብሏል፤ የተናገረ ያን ቀን ይሰናበታል። አፏን መልሳ ገጠመች።

«አየሽ» አለ አባቷ ለትልቋ ልጁ። «ለውሸቱ ደረጃ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። ለእውነቱ ጠበቃ ያማክራሉ።»

«ምሳ አልቀረበም፤ ሳይቀርብ ብትሄጂ ይሻልሻል» አለች እህቷ። መኪናው ቀጠለ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን ውሃው ዳር ባለ ኮንቴይነር ውስጥ አድርጎ ነበር፤ መስኮቱ ባሕሩን ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። የነገረችውን ሁሉ በትዕግሥት ሰማ። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ፈገግ ይላል።

«አንቺን የቀጠርንሽ ለምን ይመስልሻል?» አላት። «ፕላን የሚሥል ሰው ሞልቷል። እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ብለን ነው። አሁን የምትነግሪኝ ክሬኔን፣ ግድግዳዬንና ገንዘብ የሚያወጡልኝን ሰዎች አንድ ጓጉንቸር እንዳቆማቸው ነው። ያውም የአባትሽ።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈልገው።»

«ዓረፍተ ነገሩን ሰምቼዋለሁ። እሱን አልሸጥም።» ብድግ ብሎ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። «እስከ ነገ ግድግዳው ካልተከፈተ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። የምትመለሽበት አገር አለሽ አይደል? ሌሎቹ እንኳ የላቸውም።»

ይህን ያለው ለማጽናናት ይመስል ነበር። እሷ ግን የምትመለስበት አገር አልነበራትም። እዚያ ሆና ስለዚህ ስታስብ፣ እዚህ ሆና ስለዚያ ስታስብ፣ በሁለቱም ቦታ ጫማዋን ሳታወልቅ የተቀመጠች ሰው ናት። ይህን ሥራ ያገኘች ቀን «በቃ፣ እዚህ ነኝ» ብላ ነበር። አሁን ሥራውን ብታጣ በዚህ ከተማ ምንድን ናት? የማይቀበላት ሽማግሌ ሁለተኛ ልጅ። ያውም እሱ ልጄ ካላት።

በማግስቱ የተማረችውን አደረገች። በተማረችበት አገርም የጓጉንቸሩ ሕግ አለ፤ ለተረሳ ጓጉንቸር ግን መላ አበጅተውለታል። ባለቤቱ ግቢው ውስጥ እንደሌለ ይረጋገጣል፤ ይነገረዋል፤ ከዚያ ኃላፊው በገዛ እጁ ይቆርጠዋል። ንጹሕ ነገር ነው፤ ማንም አያዝንም።

ማብሪያ ክፍሉ ውስጥ ቆማ፣ ሰዎቹ ሁሉ እያዩዋት፣ አባቷ ዘንድ ደወለች።

«ልቆርጠው ነው» አለችው።

«‹ዘጠኝ ሞት ከደጅ ቆሟል› ቢሉት፣ ‹አንዱን ግባ በለው› አለ አሉ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

መቁረጫው እጀታው ክንድ የሚያህል ነበር። አንድም ሰው አላገዛትም። ጥርሱን ጓጉንቸሩ ቅስት ላይ አሳርፋ ተጫነችው፤ አልበገር አላት። ሁለተኛ ሞከረች፤ ተንሸራተተ። አንዲት ርግብ በጣሪያው ቀዳዳ ገብታ ወጣች። በመጨረሻ አንዱን እጀታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ወደቀችበት። የጅማት መበጠስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ቀዩ ብረት ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ከዚያ ጋሽ ቀዩ ሄልሜቱን አወለቀ። ከመሰላሉ ላይ ያለውም አወለቀ። ሁሉም አወለቁ። ጋሽ ቀዩ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ጓጉንቸር አነሣው፣ በመሐረቡ ጠቀለለው፣ ኪሱ ከተተው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች።

«ሰው ሞቶብናል» አለ። አልፏት ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ መፍቻቸውን በየቦታው አስተኝተው።

ሥራ አስኪያጁ ስልኳ ላይ «ጎበዝ» ብሎ ላከላት። ክሬኑ ግን ባሕሩን ሲያይ ዋለ።

ሲመሻሽ ወደ ሠፈሩ ሄደች። ከሩቅ የአባቷ በር ላይ ከየጎረቤቱ የመጡ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው አየች። ሮጣ ደረሰች። እህቷ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር።

«አባዬ ምን ሆነ?»

«ሞተ።»

«እታለም!»

«አትጩኺ። ያውልሽ።»

ደጁ ላይ አፍራሾቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አባቷ ተቀምጧል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፂሙን ተላጭቷል፤ የሻይ ብርጭቆ ይዟል።

«እጁ ወርቅ ነበር» ይላል አንዱ።

«እጁስ ወርቅ ነበር። አፉ የመርዝ ብልቃጥ ነበር እንጂ።»

አባቷ በእርጋታ ራሱን ነቀነቀ፤ በፍርዱ የተስማማ ይመስላል።

«ከእሱ ጋር አንድ ፈረቃ ከመሥራት አንድ ጥርስ ማስነቀል ይሻል ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«ይማረው» አሉ ሁሉም። አባቷም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ይህ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለች እህቷን በሹክሹክታ።

«ቀልድ አይደለም። ጋሽ ቀዩ ጓጉንቸሩን ይዞ መጣ፤ ‹ምን እናድርግ?› ብሎ ጠየቀው። አባዬ ‹አለሁ› ቢል ኖሮ የሕያው ሰው ጓጉንቸር ነው የቆረጥሽው፤ ነገ ግቢው ውስጥ አንድ ሰው አይታዘዝሽም። ሻንጣሽን ታስሪያለሽ። እሱ ግን ‹ሞቻለሁ በሏት› አለ። ‹ሥራዋን ትያዝ። እኔ ለእሷ የለሁም፤ እሷም ለእኔ የለችም።› ይኸው ነው። ዛሬ ተቀመጡለት፤ ነገ ሥራ ይገባሉ። ግድግዳሽን ይከፍቱልሻል።»

«ከእኔ ጋር አይነጋገርም ማለት ነው?»

«ሙት ያናግራል?» የእህቷ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ፤ ወዲያው ጠገነችው። «ያወረሰሽን ይዘሽ ሂጂ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን የቆጡንም አወረድሽ። ዕድለኛ ነሽ።»

ተለይታ ልትሄድ ነበር። ጎዳናው ባዶ ነው፤ ነገ ግድግዳው ይከፈታል፤ ብርሃን ይገባል፤ ልክ በሣለችው መንገድ። ከዚያም ለብዙ ዓመት፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ ስትመላለስ፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ እሷን የማያያት አንድ ሽማግሌ ሻይ ሲጠጣ ይኖራል። ተመለሰችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ፈቀቅ አለ፤ ቦታ ለመስጠት ሳይሆን ላለመነካካት።

አባቷ ወደ ጋሽ ቀዩ ዘንበል አለ። «ይህች ሴትዮ የሟች ዘመድ ናት?» ሲል ሁሉም ሰማ።

«ትመስላለች» አለ ጋሽ ቀዩ።

«አፍንጫዋ ይመስላል» አለ ከመሰላሉ ላይ የነበረው። ሳቅ ተነሥቶ ወደቀ።

«እኔም ስለ ሟች ልናገር» አለች።

የተቀመጠ ሁሉ ይናገራል፤ መከልከል አይቻልም።

«አገር ለቅቄ የሄድሁ ቀን አልሸኘኝም። ማሽን ውስጥ ነበር። እናታችን የታመመች ጊዜ ማሽን ውስጥ ነበር። ከሩቅ ስደውልለት ‹ደህና ነሽ? እኛም ደህና ነን› ብሎ ከመጨረሱ በፊት ይዘጋው ነበር። አንድ ቀን ‹ናፍቀኸኛል› ስለው ‹መስመሩ ይንጫጫል› አለኝ። መስመሩ አይንጫጫም ነበር።»

እህቷ በሩ ላይ አንገቷን ደፋች። አባቷ ሻዩን አማሰለ። ፊቱ ላይ አንድ ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቋርጣት መናገሯን ልብ አለች፤ ልብ ማለቷም አበሳጫት።

«የጠየቀኝንም ትናንት አልነገርሁትም፤ አሁን እነግረዋለሁ» አለች። «ሥራው አልቋል። ጥገና የለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። አትመለሱም። ይህን የምለው እንደ ቦታው ኃላፊ ሆኜ ነው።»

ሰዎቹ ተያዩ። ጋሽ ቀዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት ብትዪው ኖሮ ቁልፉን ያዞር ነበር» አላት። «ዛሬ ለማን ትነግሪዋለሽ? አለቀስሽም፣ ተናገርሽም፣ የዛሬው ነገር ይበቃል። ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ፤ እኛም እንገባለን። ተነሺና ሂጂ፣ ካርታ። ደህና አጋጣሚ ነው የሰጠሽ፤ አታበላሺው።»

አባቷን አየችው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ሥሩ ላይ የቀረውን ቅጠል ይመለከት ነበር። እንደ ልጅ የጎዳትን ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ወረወረች፤ እንደ ጠጠር ከድንጋይ ላይ ነጥሮ ወደቀ። ይህን ሁሉ ተቀብሎ ዝም ማለት የሚችል ሰው መሆኑን አላወቀችም ነበር። የማይችለው ነገር ይኖር ይሆን? አሰበች። አንድ ነገር መጣላት፤ የመጣላት ነገር ውሸት ነበር፤ በፍጹም ውሸት፤ እዚህ ሠፈር ውስጥ ሕፃን እንኳ ውሸት መሆኑን ያውቃል።

«ሌላም አለ» አለች። «ሁለት ቁጥርን ያበላሸው እሱ ነው።»

የአንዱ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር ተጋጨ።

«ካርታ» አለ ጋሽ ቀዩ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማሽኑ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያቃጠለው እሱ ነው። አሸዋ የገባበት ዘይት ጨምሮበት። ለማየት ሰንፎ። ማሽኑ የቆመው ለዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።»

ሁሉም ወደ አባቷ ዞሩ። አባቷ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ላይ ግን አንድ ሥር ተነሣ።

«ሙት አይመልስም» አለ ጋሽ ቀዩ ቶሎ ብሎ፣ ክንዱን ይዞ። «ተወው። እያወቀች ነው። ተወው።»

«ሰነፍ መካኒክ ነበር» አለች። «ሁሉም ያውቃል። አያወሩም እንጂ።»

«ማነው አሸዋ ያለበት ዘይት የጨመረው?»

ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ነጠረ። ብርጭቆው መሬት ላይ ነበር። አባቷ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደ ተነሣ ያየ የለም።

«ማነው? እኔ? ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጥልዬ የማስገባ ሰው? ያን ኩሽኔታ በጆሮዬ ነው የማውቀው። እንኳን አሸዋ ትንኝ ብትገባ እሰማታለሁ። አንቺ ዘይት ታውቂያለሽ? ዘይት ነክተሽ ታውቂያለሽ? ማን ነገረሽ? ይህን የነገረሽን ውሻ ስሙን ጥሪልኝ።»

«ሙታችን ተነሣብን» አለ ከመሰላሉ ላይ የነበረው። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ቀዩ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ሄልሜቱን አንሥቶ ራሱ ላይ አደረገ፤ መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ አግዳሚው ላይ፣ በእሷ አጠገብ አኖረው። በውስጡ ያለው ብረት እንጨቱን ሲነካ ተሰማ።

«እንግዲህ ሕያው ነው» አላት። «ነገ ግቢው እንዳትመጪ። ብትመጪም የሚሰማሽ አይኖርም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አላጣሁትም ማወቅሽን።» ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደሚነጋገር ያልገባው ይመስል ለአፍታ አያት። «አንቺ የእሱ ልጅ ነሽ፤ ክፉ» ብሎ ሄደ። ሌሎቹም ከየወንበራቸው ተነሡ። እህቷ ምንም ሳትል አግዳሚዎቹን ወደየባለቤቶቻቸው ማመላለስ ጀመረች፤ አንዱን ስታነሣ እግሯን በወንበሩ ጫፍ አውቃ ወጋቻት።

እሷም ወጣች። ወደ ውሃው በሚወስደው ጎዳና ስትሄድ የነጠላ ጫማ ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት።

«ዘይቱ ንጹሕ ነበር አልኩሽ።»

አልዞረችም። «ኩሽኔታው እንዴት ተቃጠለ ታዲያ?»

«አልተቃጠለም! ማን ተቃጠለ አለሽ? እናንተ የተማራችሁት ያላያችሁትን ነገር ለመናገር ነው? ማሽኑ ደህና ነበር፤ ዛሬ ብታነሺው ይዞራል።»

መስኮቶች ተከፈቱ። አንዲት ሴትዮ ራሷን አውጥታ «ሞተ ብለውን አልነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አንተ ትላለህ እንጂ ማስረጃ የለህም» አለች።

«ማስረጃ! ማስረጃ ትለኛለች! ከነመቁረጫዋ! የእኔን ጓጉንቸር ቆርጣ!»

«ሌላ ብትሰቅልም እቆርጠው ነበር።»

«ቁረጪ! ማን ከለከለሽ? ያንቺ እጅ ለመቁረጥ እንጂ ለመጠገን መቼ ተፈጠረ?»

ነጠላ ጫማው ዘገየ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማችው። መታጠፊያው ጋ ደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩና የቆመው ክሬን ናቸው። እጁን በአየር ላይ ጣል አድርጎ፣ «ከድንጋይ ጋር ነው የማወራው» እያለ ወደ ቤቱ ሲዞር በጥላው አየችው።

«ጨርቁም ነጭ አልነበረም» አለችው፤ ካልተናገረች ሊገባ ነበርና።